ደንገጎ ላይ ሲያስገመግም

ድሬዳዋ ላይ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ብዙ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ያያል። ኮከብ ካየ ተመልሶ ይተኛል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱ ወንዝ የሚሞላው የእኛ ሰፈር ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ደጋው ላይ የሚጥለው ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ጎርፍ የመጣው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው።

እኔ ክረምት ሲገባ ማታ ማታ ከከተማው በላይ ደጋው ላይ ወዳለው ደንገጎ አያለሁ። መብረቅ ካለ የስልኬን ድምፅ ከፍ አድርጌ እተኛለሁ። ደጋ ያለችው እህቴ ዶፍ ከጣለ ትደውልልኛለች። መታወቂያ፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፊኬትና የእናቴ የደም ግፊት መድኃኒት በፌስታል ተጠቅልለው በሩ ላይ የተሰቀለ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ባትሪውም እዚያው ነው።

የወንዙ አሸዋ ላይ ቡናማ ውሃ ጭራሮና ቅጠል እየገፋ ሲመጣ ካያችሁ፣ ወይም ድንጋይ ሲንከባለል ከሰማችሁ፣ ልጆቹን ይዛችሁ ወደ ከፍታ ውጡ። ለዕቃ ብላችሁ አትመለሱ። በባጃጅ ልሻገር አትበሉ፤ ጉልበት የማይደርስ ጎርፍ እንኳ ሰው ይጥላል። ስትወጡ ግን የጎረቤት በር አንኳኩ፤ በተለይ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ካሉ።