የባሬላው ሁለት ጫፍ፦ ስለ ጾታ እኩልነት ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ዳር ያለው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ወዲህ የሕንፃችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። አጀንዳው ውሃም ይሁን ጥበቃ፣ ስብሰባችን ዞሮ ዞሮ የሴትና የወንድ ክርክር ላይ ያርፋል። የማንግባባው ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ገና ከመነሻው የምንስታቸው ነገሮች ስላሉ ነው።

«እኔ ሴት አልጠላም»

አንድ ጎረቤታችን ሁልጊዜ «እናቴን ከዓይኔ ብሌን አብልጬ ነው የምወዳት፤ እኔ እንዴት በሴት ላይ አዳላለሁ?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይወዳታል። ግን ሴክሲዝም የሚባለው ጾታዊ አድልዎ የጥላቻ ስም አይደለም። ቃሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ «ዘረኝነት» በሚለው ቃል አምሳል የተሠራ ነው። አንድ ሰው ምን ይችላል፣ ምን ይገባዋል፣ ምን ይሸከማል የሚለውን በማንነቱ ሳይሆን በጾታው መወሰን ማለት ነው። ይህን ደግሞ የሚወድ ሰውም ያደርገዋል።

እዚህ ውሃ በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት። ግፊቱ ላይኛው ፎቅ ስለማይደርስ ከታች ይቀዳል። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስወጣ ደረጃው ላይ ያገኘኋቸው በሙሉ ሴቶች ነበሩ። አንዷ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን በሁለት እጇ ይዛ፣ በየደረጃው እያሳረፈች አራተኛ ፎቅ ትወጣለች። ወንድምሽስ ስላት «ተኝቷል፣ ነገ ፈተና አለው» አለችኝ። እሷም ፈተና ነበራት። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ እሷን የሚጠላ ሰው የለበትም።

«እኩል ከሆናችሁ ኑና ሲሚንቶ ተሸከሙ»

ተሸክመዋል። ከሕንፃችን ጀርባ ባለው ግንባታ ላይ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ባሬላ ይዘው ነው የሚውሉት። ባሬላ ለሁለት ነው የሚያዘው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ፣ አሸዋው መሃል። ቅዳሜ ሒሳብ ሲሰጥ ግን ከፊት የያዘው ወንድ ከኋላ ከያዘችው ሴት የበለጠ ይቀበላል። ፎርማኑን ለምን ብዬ ስጠይቀው «ወንድ ጉልበት አለው» አለኝ። የወንድና የሴት ጉልበት አንድ ነው ያለ የለም። ያ ባሬላ ግን የወጣው በሁለቱም ጉልበት ነው።

እኩልነት መመሳሰል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት አላቸው ይላል፤ ለተመሳሳይ ሰውነት አላለም። ልዩነቱ እውነተኛ የሆነበት ቦታ ሲመጣ ደግሞ እኩልነት ራሱ የተለየ አያያዝ ይጠይቃል። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ የሰጠው ለዚህ ነው። ለአባት የሰጠው 3 ቀን ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይህ 3 ቀን ወንዱንም ይበድለዋል፤ ልጁን አቅፎ ሳይጠግብ ወደ ሥራ ይመልሰዋል፣ እናቲቱንም ብቻዋን ይተዋታል።

«30 በመቶው ምጽዋት ነው»

በ20/80 የኮንዶሚኒየም ቤት ዕጣ ለሴቶች የተያዘው 30 በመቶ ስንቱን ጎረቤት አኳርፏል! የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ተጨማሪ የድጋፍ እርምጃ የሚፈቅድበትን ምክንያት ራሱ ይናገራል፤ ሴቶች በበታችነትና በልዩነት በመታየታቸው የወረሱት ታሪክ እንዲታረም ነው። ታሪኩ የሩቅ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግና ሚስት ሕጋዊ በሆነ ነገር ሁሉ እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የተሻረው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። ዛሬ ቁልፍ የተረከቡ ብዙ ሴቶች ያደጉት አንቀጹ በሥራ ላይ እያለ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ሐሳብ ነው፣ ባህላችን አይደለም»

በዚህ ላይ ቆም ብለን ብናስብ እወዳለሁ። «ሴት ለማጀት፣ ወንድ ለችሎት» የሚል ተረት የኛ ነው፣ አልክድም። ግን በሰሜኑ የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ከእናቷም ከአባቷም ወገን ርስት የመጠየቅ መብት ነበራት፤ በተግባር ስንት እንቅፋት ቢገጥማትም ያም የኛው ነው። ሚስት ትታዘዝ የሚለውን አንቀጽ የያዘውን ሕግ ያረቀቁት ደግሞ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። እንግዲህ የትኛው ከውጭ መጣ፣ የትኛው ከቤት ወጣ የሚለው እንደምናስበው ቀላል አይደለም።

ሁለት ደግሞ በአጭሩ። «የሴት ጠላቷ ሴት ናት» ክርክር አይዘጋም፤ አማት ምራቷን የምታስጨንቀው ራሷ የተጨነቀችበትን ሥርዓት ይዛ ነው። «ሚኒስትር ሆኑ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?» ማለትም ትክክል አይደለም። በጥቅምት 2011 ከ20 ሚኒስትሮች 10ሩ ሴቶች ሲሆኑ ደስ ብሎኛል። የባሬላዋ ሴት ሒሳብ ግን በዚያ ሹመት አልተነካም።

«ቤቱ በሱ ስም ነው፣ እኔ ምን አለኝ?»

ይህን ስህተት የሚሠሩት ሴቶች ራሳቸው ናቸው፣ ዋጋውም ከባድ ነው። በቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 63 መሠረት በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የግሌ ነው የሚለው ወገን ነው ማስረዳት ያለበት፤ ለምሳሌ ከጋብቻ በፊት ያፈራው ወይም የወረሰው ከሆነ። ይህ የፌዴራል ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። እኛ ዳር ላይ ስላለን፣ ወሰኑን ተሻግሮ ኦሮሚያ ለሚኖር የክልሉ የራሱ የቤተሰብ ሕግ እንዳለ ማወቅም ያስፈልጋል።

ባለፈው ቡና ላይ ይህን ሳወራ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ኖረዋል፣ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ የቤቱን ቁጠባ ሲከፍሉ የኖሩት እሳቸው ናቸው።

«ስንት ነው ያልሽኝ ቁጥሩን፣ ልጄ?»

«63፣ እትዬ።»

የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ደብተሩ ጀርባ ላይ አስጻፉት።