የአፕ ዋጋ ሲጨምር፣ ከመክፈላችሁ በፊት

ባሕር ዳር ሆናችሁ ወፍ ማየት ለምትወዱ ሁሉ። የምጠቀምበት የወፍ መለያ አፕ የዓመት ክፍያውን ጨመረ። ልከፍል ስል አንድ ነገር አሰብኩና ማስታወሻዬን አወጣሁ። ዓመቱን ሙሉ የከፈትኩት 14 ቀን ብቻ ነው! አብዛኛውም ጠዋት ጠዋት፣ ጣና ዳር ደንገሉ ጥግ ቁጭ ብዬ። እናንተም ዋጋውን ለተጠቀማችሁበት ቀን አካፍሉት። የአንድ ቀኑ ሒሳብ ከታንኳ ኪራይ ከበለጠ ይቅርባችሁ።

ጭማሪውን ደግሞ በብር አስሉት። የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያው ዶላር ከእጥፍ በላይ ብር ይጠይቃል። «ሁለት ዶላር ብቻ» ሲባል ቀላል ይመስላል እንጂ ኪስ ይነካል።

እኔ መርሊን (Merlin) ወደሚባል ሌላ የወፍ መለያ አፕ ዞርኩ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ማዕከል ያዘጋጀው ነው፣ በነፃ። የአካባቢያችሁን ወፎች ጥቅል ቤት ዋይፋይ ላይ አውርዱት፤ ኔትወርክ በሌለበትም ይሠራል። አንድ ነጭ ራስ ንስር በፎቶ ወዲያው ለየልኝ።

አደራ፣ የምትከፍሉበትን አፕ ከስልክ ማጥፋት ክፍያውን አያቆምም። ፕሌይ ስቶር ገብታችሁ ምዝገባውን ሰርዙ። የከፈላችሁበት ጊዜ እስኪያልቅም መጠቀም ትችላላችሁ።