የድሮ ሸክላ ማጫወቻን ከሙቀትና ከብርድ ለመጠበቅ ሲባል የሚሠሩ ስህተቶች

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትገኝ ድሬዳዋ ከ1,200 ሜትር ብዙም አትርቅም። በመካከላቸው ያለው የ50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድም በደንገጎ ቁልቁለት አድርጎ ሰውን ከጋቢ አየር ወደ ሽርጥ አየር ያወርዳል። ሰው ይህን ለውጥ ልብሱን ቀይሮ ይቋቋመዋል። ከእንጨት፣ ከጎማ፣ ከሰም፣ ከወረቀትና ከመዳብ ሽቦ የተገጣጠመ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፈው ሸክላ ማጫወቻ ግን እንዲህ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍሉ በሙቀት የሚለጠጠውና በብርድ የሚሰበሰበው በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ ከሙቀቱም ከብርዱም ይልቅ የሚጎዳው ከአንዱ ወደ ሌላው በድንገት መሸጋገሩ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ዕቃው ከመኪና እንደወረደ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። እኔም ሠርቼዋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በነሐሴ ወር፣ ጀጎል ውስጥ በአክስቴ ዕቃ ቤት የከረመ፣ በቫልቭ (ሲሠራ በሚግል የመስታወት ቱቦ) የሚሠራ ራዲዮ ያለው ሸክላ ማጫወቻ ሌሊቱን ውጭ በቆመ መኪና አሳድሬ፣ በማለዳ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታችን አወረድሁ። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይጠብቅ ስለነበር የኋላ ክዳኑን ከፍቼ እንኳ ሳላይ አበራሁት። መብራቱ በራ፣ ድምፅ ማጉያው ለጥቂት ጊዜ አጓራ፣ ከዚያም የተቃጠለ ሰም ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ነቅለን ክዳኑን ስንፈታ የብረት መደቡ ጠርዝ ከፍሪጅ እንደወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ አልቦት ነበር። እዚያው ድሬዳዋ ወደ መጋላ ሰፈር የወሰድኩላቸው አዛውንት ራዲዮ ጠጋኝ ዕቃውን አገላብጠው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ እንግዳ እንኳ ከመንገድ ሲገባ እግሩን ታጥቦ ዐረፍ ይላል» አሉኝ።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። በክረምት የድሬዳዋ አየር ሞቃት ብቻ ሳይሆን እርጥበትም የያዘ ስለሆነ፣ ቀዝቃዛ ብረት ሲያገኝ ጤዛ ይቋጥርበታል። ጤዛው ለዓመታት ከተከማቸ አቧራ ጋር ሲቀላቀል፣ ኤሌክትሪክ ማለፍ በማይገባው ቦታ እንዲያልፍ መንገድ ይከፍትለታል። በሰም የተነከሩት የድሮ የወረቀት ካፓሲተሮች (የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ደግሞ ቀድሞውንም እርጥበት የሚስቡ ናቸው። ስለዚህ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከላይ በላስቲክ መሸፈን አለበት፤ ጤዛው የሚቋጥረው ያን ጊዜ በላስቲኩ ላይ ይሆናል። ከደረሰም በኋላ ሳይፈታ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ባለው ክፍል ውስጥ ይቆይ። ለዓመታት ሳይበራ የቆየ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ማሳረፉ ብቻውን አይበቃም። ባለሙያ ካፓሲተሮቹን መርምሮ፣ በመስመሩ ላይ የድሮውን ባለ ክር አምፖል በተከታታይ አስገብቶ ኃይሉን በመቀነስ ቢያበራው ይመረጣል። ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ ውስጥ አደገኛ ኃይል ሊቀር ስለሚችል፣ ሥራውን ያልለመደ ሰው እጁን ባይሰድ ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ከፍቅር የሚመጣ ነው፤ ዕቃውን በዳንቴል ሸፍኖ በላዩ የአበባ ማስቀመጫ መደርደር። ቫልቮች ሲሠሩ እጅ የሚያቃጥል ሙቀት ያወጣሉ፤ የኋላ ቀዳዳዎቹ ከተሸፈኑ ወይም ሳጥኑ ከግድግዳ ጋር ከተጣበቀ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ በግንቦትና በሰኔ በድሬዳዋ ቀትር ክፍሉ ራሱ 35 ዲግሪ ሲደርስ፣ በታፈነው ሳጥን ውስጥ ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ዳንቴሉ ዕቃው ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ ይመለስ፤ ከአቧራ ይጠብቃል። ሙቀቱን ሽሽት ሳጥኑን በኤር ኮንዲሽነር ትይዩ ማስቀመጥም መፍትሔ አይደለም። ደረቁና ቀዝቃዛው አየር በተነፈሰበት በኩል ያለውን እንጨት ቀድሞ ያኮማትረዋል፤ በኮላ የተለጠፈው ስስ ልባጥም ከጠርዙ መነሣት ይጀምራል።

በሐረር በኩል የሚታየው ስህተት ሌላ መልክ አለው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ በሞተሩ ውስጥ የቆየው ግራሶ እንደ ሙጫ ይደርቅና ሸክላው እያዘገመ ይዞራል፤ ዘፋኙም ያንቀላፋ ይመስላል። ያን ጊዜ አንዳንዱ የከሰል ማንደጃ አጠገቡ ያስጠጋል፣ አንዳንዱ የምግብ ዘይት ያንጠባጥብበታል። ማንደጃው እንጨቱን በአንድ ጎን ብቻ ያሞቀዋል፤ ዘይቱ ደግሞ ለጥቂት ቀናት አሳስቶ ከቀድሞው የባሰ ሙጫ ይሆናል። የደረቀው ግራሶ በአልኮል ተጠርጎ ከወጣ በኋላ አንድ ሁለት ጠብታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይበቃል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ጉዳት የሚደርሰው በመርፌው መያዣ ላይ ነው። በበርካታ የድሮ ማጫወቻዎች የመርፌ ራስ ውስጥ ያለው፣ የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክሪስታል ከሮሼል ጨው የተሠራ ነው፤ ይህ ጨው ከ55 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ባሕርይው እስከ መጨረሻው ይበላሻል፤ ከልክ ያለፈ እርጥበትም ከልክ ያለፈ ድርቀትም አይስማማውም። ማጫወቻውን በቆርቆሮ በተሠራ መጋዘን ጣሪያ ሥር ያቆየ ሰው በኋላ ድምፁ ሲቀጥንበት መርፌ እየቀያየረ ገንዘቡን ይጨርሳል። መፍትሔው የመርፌውን ራስ ሴራሚክ ባለው መተካት ነው። ማጫወቻው ሲጠፋም ፍጥነት መምረጫውን የትኛውም ፍጥነት ወደማይመረጥበት ቦታ (ኒውትራል) መመለስ እንዳይረሳ፤ ካልተመለሰ የሸክላውን ማዞሪያ የሚያሽከረክረው ጎማ ጎድጉዶ «ዱብ ዱብ» የሚል ድምፅ ያመጣል።

ሸክላዎቹም አሉ። በ1960ዎቹ የተሸጡት ባለ 45 ዙር ሸክላዎች፣ የድሬዳዋው ተወላጅ የዓሊ ቢራም ይሁኑ የሌላ፣ ከቪኒል የተሠሩ ናቸው፤ ቪኒል ደግሞ ወደ 60 ዲግሪ ሲቃረብ መለስለስ ይጀምራል። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ይህን ሙቀት በቀላሉ ይደርስበታል። የታጠፈውን ሸክላ ፀሐይ ላይ አሙቆ በመጽሐፍ መጫን ግን አይመከርም፤ ሸክላው ቢቃናም ድምፁ የተቀረጸበት መስመር ይደፈጠጣል። በተኛበት መደራረብም ያጣምማል፤ ቀጥ ብለው ይቁሙ። እኔ ዛሬ በሚኒባስ ስጓዝ ሸክላ ጣሪያ ላይ አላስጭንም፤ ካርቶኑን እግሬ ሥር አድርጌ፣ ፀሐዩ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ አይቼ ነው ወንበር የምመርጠው።