ከሩጫ በፊት ቡና፦ ስንት እና መቼ

የማሠለጥናቸው ሯጮች አብዛኞቹ የቢሮ ሠራተኞች ናቸው። «ቡና ጠጥቼ ልሩጥ?» ሲሉኝ «ጠጡ፤ ግን በስኒ አትቁጠሩ፣ ዱቄቱን መዝኑ» እላቸዋለሁ።

ለጽናት ሩጫ በአብዛኛው የሚመከረው ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ካፌይን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከ180 ሚሊግራም ይጀምራል። የአረቢካ ቡና ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማው ካፌይን ስለሆነ 15 ግራም ዱቄት ይበቃዋል። በትንሽ ጀበና አፍልታችሁ፣ አተላው ሲዘቅጥ አቦሉን ጠጡ። ካፌይን በፈላ ውኃ ቶሎ ስለሚሟሟ አብዛኛው እዚያው ይወጣል። ቡና ለብቻ መጠጣት እንደማያምር አውቃለሁ፤ ጎረቤት ከመጣ ቶናው ይድረሰው። በረካ ድረስ የሚቀመጥ ሯጭ ግን ሆዱን በውኃ ሞልቶ ይነሣል። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ9 ሚሊግራም በላይ መውሰድ ደግሞ እጅ ከማንቀጥቀጥና ልብ ከማስመታት በቀር ጥቅም የለውም።

ካፌይን ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። ሩጫው ጠዋት 2 ሰዓት ከሆነ 1 ሰዓት ላይ ጠጥታችሁ ጨርሱ። መነሻው መስመር ላይ ፔርሙስ ይዞ የሚመጣ ሰው ያናድደኛል። ቡና አንጀትንም ይቀሰቅሳላ! በታላቁ ሩጫ ማለዳ መስቀል አደባባይ ላይ ሽንት ቤት መፈለግን ለጠላቴም አልመኝም።

መሮጥ ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚያታልላችሁ ቅለቱ ነው። ድካም እንዲሰማን የሚያደርገው አዴኖሲን አንጎል ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ካፌይኑ ቀድሞ ይይዝበታል። እግራችሁ ግን ያው እግር ነው፤ የአዲስ አበባ አየርም ያው ስስ አየር። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን 2 ኪሎ ሜትሮች በሰዓታችሁ ፍጥነት እንጂ በስሜታችሁ አትሩጡ። የምታተርፉት በአማካይ 2 በመቶ አካባቢ ነው፤ 10 ኪሎ ሜትርን በ1 ሰዓት ለሚጨርስ ሰው አንድ ደቂቃ ገደማ። ምንም ለውጥ የማያይ ሰውም አለ።

ከሥራ በኋላ ለሚደረግ ልምምድ ቡና አልመክርም። ከተጠጣው ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ቀን 11 ሰዓት የጠጣ ሰው ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሹን ተሸክሞ ይገላበጣል። እንቅልፍ ያጣ ሯጭ በማግስቱ ምን እንደሚመስል እኔ ነኝ የማየው።

ነፍሰ ጡሮች፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ምት ችግር ያለባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትሞክሩት። አበረታች መድኃኒት እንዳይባልባችሁ የምትሰጉ ደግሞ አትስጉ፤ ካፌይን ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተከለከሉት ዝርዝር ወጥቷል። ሌሎቻችሁ በልምምድ ቀን ከ8 ግራም ዱቄት ጀምሩ፤ ሆዳችሁ ከተስማማ በሚቀጥለው ረጅም ሩጫ ወደ 15 ከፍ አድርጉት።