ከኢትዮጵያ የነርስ ዲግሪ እስከ ጀርመን ቋሚ መኖሪያ፦ መንገዱ ደረጃ በደረጃ

ጀርመን ገብቶ ሥራ መጀመር አንድ ነገር ነው፤ ቋሚ መኖሪያ ማግኘት ሌላ። የጀርመን ሕግ ለሠለጠነ ባለሙያ ቋሚ መኖሪያ የሚሰጠው ከ3 ዓመት በኋላ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ 3 ዓመቱ አውሮፕላኑ ፍራንክፈርት ካረፈበት ቀን አይቆጠርም። የሚቆጠረው የነርስነት ሙያዎ ሙሉ እውቅና አግኝቶ፣ የመኖሪያ ፈቃድዎ በመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 18ኤ ወደሚሰጠው ከተቀየረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት እውቅናውን እንዲያገኙ ተብሎ የሚሰጠው የ16ዲ ፈቃድ ከሦስቱ ዓመት አይገባም። ስለዚህ ከታች ያለውን እያንዳንዱን ደረጃ ሲያነቡ "ይሄ ቆጠራውን ቶሎ ያስጀምርልኛል ወይስ ያዘገይብኛል?" እያሉ ይመዝኑት።

1. ከወረቀት በፊት ቋንቋ

ሙሉ የነርስ ፈቃድ ለማግኘት በአብዛኛው የሚጠየቀው የጀርመንኛ ደረጃ ቢ2 ነው። ለቪዛው ከዚያ ያነሰ ይበቃል፤ ነርሶች ብዙውን ጊዜ ቢ1 ይዘው ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ያለው የጎተ ኢንስቲትዩት ትምህርቱንም ፈተናውንም ይሰጣል።

"ቢ1 ይዤ ልሂድ፣ የቀረውን እዚያው እጨርሳለሁ" የሚለው ሐሳብ ደስ ይላል። ግን የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጠዋት ክፍል የገባ ሰው የሚማረው እያንቀላፋ ነው። ደግሞም የባቫሪያ ሽማግሌ ሕመሙን የሚነግርዎ በመማሪያ መጽሐፉ ጀርመንኛ አይደለም። አገር ቤት ሆነው በጨመሩት በእያንዳንዱ የቋንቋ ወር፣ እዚያ እውቅናው እስኪመጣ በነርስ ረዳትነት የሚያሳልፉትን ጊዜ ያሳጥራሉ። ገንዘቡም ይለያያል፦ ከሐምሌ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአረጋውያን እንክብካቤ ተቋማት ለረዳት የሚከፈለው ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 16.10 ዩሮ ሲሆን፣ እውቅና ላለው ነርስ 20.50 ዩሮ ነው።

2. ማስረጃ ማሰባሰብ

ዲግሪ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ፣ ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፍኬት። ዝርዝሩ አጭር ይመስላል። የወጪ መጋራት ዕዳዎን ካልከፈሉ ግን ዩኒቨርሲቲው ዋናውን ዲግሪ አይሰጥዎትም፤ መጀመሪያ ኮስት ሼሪንጉን ይጨርሱ። ከዚያ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማህተም ማስመታት ይከተላል።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ብዙዎች የማያስቡት ወረቀት ነው፦ የተማሩበትን ሰዓት የሚያሳይ ዝርዝር። በጀርመን የነርስ ሥልጠና 2,100 ሰዓት የክፍልና 2,500 ሰዓት የተግባር፣ በድምሩ 4,600 ሰዓት ነው። የእርስዎ ፋይል የሚነጻጸረው ከዚህ ጋር ነው። የእኛ ትራንስክሪፕት ደግሞ የኮርሱን ስምና ክሬዲቱን ብቻ ይጽፋል፤ በማዋለጃ፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በሕፃናት ክፍል ስንት ሰዓት እንደቆሙ አይናገርም። ያልተጻፈ ሰዓት ደግሞ እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ስለዚህ ሬጅስትራር ሄደው፣ ካስፈለገም የነርሲንግ ትምህርት ክፍሉን ለምነው፣ በየዋርዱ የሠሩትን የተግባር ሰዓት በቁጥር የሚገልጽ ደብዳቤና የኮርሶቹን ዝርዝር ይዘት ያውጡ። መመላለሱ ያሰለቻል፤ ግን በጀርመን ወራት ይቆጥብልዎታል። ሳውዲ ወይም ኤምሬትስ የሠሩ ከሆነም የዚያን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይጨምሩ፤ በትምህርቱ የታየውን ጉድለት በሥራ ልምድ መሙላት ይቻላል።

ስም ላይ ይጠንቀቁ። ዲግሪው ላይ "ፀሐይ" በአንድ ዓይነት የላቲን ፊደል፣ ፓስፖርቱ ላይ በሌላ ከተጻፈ የጀርመን ቢሮ እንደ ሁለት ሰው ያያቸዋል። የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ከቀረም እንዲሁ። የትውልድ ቀንም በአንዱ ሰነድ በእኛ አቆጣጠር፣ በሌላው በፈረንጆቹ ሊሆን ይችላል። ይህን አገር ቤት ሳሉ ያስተካክሉ።

ከወንጀል ነጻ መሆንዎን የሚገልጸውን ማስረጃና የጤና ምርመራውን ግን አስቀድመው አያውጡ። ቶሎ ያረጃሉ፤ በአብዛኛው ከሦስት ወር ያልበለጠ ነው የሚጠየቀው።

3. ለእውቅና ማመልከት

ጀርመን 16 ክፍላተ ሀገር አሏት፤ የነርስነት እውቅናን የሚሰጠውም እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በራሱ መሥሪያ ቤት ነው። የሚያመለክቱት ሊሠሩበት ወዳሰቡት ክፍለ ሀገር ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመለከትዎ ካላወቁ፣ የሙያ እውቅና ማዕከላዊ አገልግሎት የሚባለው የመንግሥት ቢሮ ውጭ አገር ላሉ አመልካቾች በነጻ ያማክራል። ሰነዶቹን በፍርድ ቤት ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ ወደ ጀርመንኛ ይተረጉማቸዋል።

የሚመጣው መልስ ብዙውን ጊዜ "ሙሉ እውቅና" አይልም። ዴፊዚትቤሻይድ የሚሉት ደብዳቤ ነው፤ የጎደለዎትን በሰዓትና በትምህርት ዓይነት ይዘረዝራል። አይደንግጡ። ወደ 16ዲ ቪዛ የሚያስገባዎት ይኸው ደብዳቤ ነው።

4. ቀጣሪ መፈለግ፣ ደላላ ሳይሆን

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው አገሮች አንዷ ናት። በዚህ ምክንያት በጀርመን የቅጥር ደንብ አንቀጽ 38 መሠረት ከእነዚህ አገሮች ነርስና ሌላ የጤና ባለሙያ መመልመልና ማገናኘት የሚችለው የፌዴራል የሥራና ሠራተኛ ኤጀንሲው ብቻ ነው። "በ200 ሺህ ብር ጀርመን ሆስፒታል አስገባሃለሁ" የሚል የግል ኤጀንሲ ካጋጠመዎት ሥራው ራሱ በጀርመን ሕግ የተከለከለ ነው።

እርስዎ በራስዎ ለሆስፒታል ቢያመለክቱ ግን የሚከለክልዎት የለም። የሲቪና የማመልከቻ ደብዳቤ ጀርመንኛዎ ጥሩ ይሁን፣ ዴፊዚትቤሻይዱን ያያይዙ፣ ለብዙ ቦታ ይላኩ። ውሉ ሲመጣ ከደሞዙ በፊት ሌላ ነገር ይፈልጉ፦ "ከዚህ ጊዜ በፊት ከለቀቁ ይህን ያህል ሺህ ዩሮ ይመልሳሉ" የሚል አንቀጽ። ካለ ሳይገባዎት አይፈርሙ።

5. ቪዛ

ማመልከቻው አዲስ አበባ ባለው የጀርመን ኤምባሲ ነው፤ ክፍያው 75 ዩሮ። ቀጠሮ መጠበቅ ሊረዝም ስለሚችል ቀጣሪዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ በውክልናዎ የተፋጠነውን የባለሙያ ሂደት በከተማው የውጭ ዜጎች ቢሮ እንዲያስጀምርልዎ። 411 ዩሮ ይከፈልበታል። በዚህ መንገድ ኤምባሲው በ3 ሳምንት ውስጥ ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ማመልከቻው ከተሟላ በኋላ በሌላ 3 ሳምንት ውስጥ ይወስናል። ዕድሜዎ ከ45 በላይ ከሆነ ደግሞ ወደ 18ኤ ሲገቡ ከፍ ያለ የደሞዝ ወለል ወይም በቂ የጡረታ ዋስትና ይጠየቃሉ፤ አስቀድመው ያስሉት።

6. ጎደሎውን መሙላት

ጀርመን ከደረሱ በኋላ ሁለት ምርጫ አለዎት። አንዱ ፈተና ነው፤ የቃልና የታካሚ አልጋ አጠገብ የሚሰጥ የተግባር ክፍል አለው፣ ካልተሳካ አንድ ጊዜ መድገም ይቻላል። ሌላው የማስተካከያ ሥልጠና ነው፤ ይረዝማል፣ ግን የሚዘጋው በማጠቃለያ ውይይት ነው። ልምድ ያለው ሰው ፈተናውን ቢመርጥ ቶሎ ይወጣል፤ ጀርመንኛው ገና የሆነ ሰው ግን ሥልጠናው ቢሻለው አያስገርምም።

ሲጨርሱ ኡርኩንደ የሚሉትን የሙያ ፈቃድ ይቀበላሉ። ጊዜ አያባክኑ፤ ወዲያው ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ሄደው ፈቃድዎን ወደ 18ኤ ያስቀይሩ። ቆጠራው የሚጀምረው እዚህ ነው።

7. ቋሚ መኖሪያ

ከ18ኤ በኋላ 3 ዓመት፣ የ36 ወር የጡረታ መዋጮ፣ ቢ1 ጀርመንኛ፣ ለቤተሰብዎ የሚበቃ ቤት፣ እና "ኑሮ በጀርመን" የሚባለው ፈተና። የፈተናው 33 ጥያቄዎች ከታወቀ ዝርዝር ውስጥ የሚወጡ ስለሆኑ አያስፈራም። በረዳትነት በሠሩበት ጊዜ የከፈሉት የጡረታ መዋጮም አይጠፋም፤ ከ36 ወሩ ይደመራል። የማመልከቻ ክፍያው 113 ዩሮ ነው።

ሐኪሞች መንገዳቸው ትንሽ ይለያል፤ የሕክምና ቋንቋ ፈተናና የእውቀት ፈተና አልፈው በአውሮፓ ሰማያዊ ካርድ (ከፍተኛ ትምህርት ላላቸው ባለሙያዎች በሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ) ከገቡ፣ ቢ1 ካላቸው በ21 ወር፣ ከሌላቸው በ27 ወር ማመልከት ይችላሉ። ነርስ ያልሆነ ወጣት ደግሞ ጀርመን ውስጥ የ3 ዓመቱን የነርስ ሥልጠና ደሞዝ እየተከፈለው ተምሮ ከተመረቀ፣ በሙያው 2 ዓመት ሠርቶ ማመልከት ይችላል። ለዚህም ቢሆን ጀርመንኛ ሳይይዙ አይሞከርም።

ፈቃዱ እጅዎ ከገባ በኋላ ኢትዮጵያ ሄደው ከ6 ወር በላይ ለመቆየት ካሰቡ፣ ሳይነሱ በፊት የውጭ ዜጎች ቢሮውን ያነጋግሩ፤ ከዚያ በላይ ከቆዩ ፈቃዱ ሊሰረዝ ይችላል። ቋሚ መኖሪያ የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎን አያስጥልዎትም። የጀርመን ዜግነት ከ5 ዓመት በኋላ መጠየቅ ይቻላል፤ ጀርመን ጥምር ዜግነት ብትፈቅድም የኢትዮጵያ ሕግ ግን አይፈቅድም። ስለዚህ እዚያ ጉዳይ ላይ ከቤተሰብ ጋር ሳይመክሩ አይፈርሙ።