ለዓሣ ጫጩቶች ገንዳ ማጣሪያ እንዴት እንደሚመረጥ

ሐዋሳ ውስጥ ጌጠኛ ዓሦችን በቤቱ የሚያረባ ሰው ማጣሪያ ሊገዛ ሲወጣ ሻጩ አስቀድሞ የሚያቀርብለት በገንዳ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለውን ወይም ውሃ ውስጥ የሚሰጥመውን ባለ ሞተር ማጣሪያ ነው። ዕቃው ላደጉ ዓሦች መልካም ነው። ጫጩት ለሚያሳድግ ገንዳ ግን፣ ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢያሞግሰው፣ በአየር ፓምፕ የሚሠራውን ተራ የስፖንጅ ማጣሪያ እመርጣለሁ፤ ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ዝቅ ያለ መሆኑ ደግሞ ሌላው ጥቅሙ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው ይህን ማጣሪያ እንዴት እንደሚመርጡ፣ እንዴት እንደሚተክሉና ከሁሉም በላይ ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው በፊት እንዴት እንደሚያዘጋጁት ነው።

በመጀመሪያ የሚያሳድጉት ጫጩት ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ይወቁ። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ የሚወልዱ ዓሦች ስለሆኑ ልጆቻቸው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ርዝመት ኖሯቸው ወዲያው መዋኘት ይጀምራሉ። የቤታና የጎራሚ ጫጩቶች ግን ከእንቁላል ሲወጡ 3 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞሉ፣ ከመስታወቱ ጋር ተለጥፈው የሚታዩ ክሮች ናቸው። የሞተር ማጣሪያ መምጠጫ ሁለቱንም ዓይነት ይውጣል። አንዳንዶች መምጠጫውን በቀጭን የሴቶች ካልሲ ሲጠቀልሉት ይታያል፤ ካልሲው በቆሻሻ ሲደፈን ሞተሩ ውሃ እያጣ ይግላል፣ ክፍት በቀረችው ጥቂት ቦታ ላይ ያለው መሳብም ይበረታል። የሞተር ማጣሪያ መጠቀም ግድ ከሆነ መምጠጫው ላይ ወፍራም ስፖንጅ ማጥለቅ ይሻላል። ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠው ባለ ቆርቆሮ ማጣሪያ ለዚህ ሥራ ከልክ ያለፈ ነው፤ ከጠጠር ሥር የሚዘረጋው ደግሞ የተረፈ ምግብ ከሥሩ ስለሚያከማች በጫጩት ገንዳ አልመክረውም።

ኃይለኛ ማጣሪያ ሌላም ጉዳት አለው። ለጫጩት ምግብነት የሚፈለፈለው ደቃቅ የውሃ ነፍሳት፣ አርቴሚያ፣ አዲስ ሲፈለፈል ከግማሽ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ ጫጩቶቹ ሳያገኙት በሞተሩ ተስቦ ይጠፋል። በስፖንጅ ማጣሪያ ግን ምግቡ ስፖንጁ ፊት ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ጫጩቶቹ ስፖንጁን ከበው ከላዩ ላይ ሲለቅሙ ይመለከታል። ከተረፈው ምግብ በተጨማሪ በስፖንጁ ላይ የሚበቅሉትን ረቂቅ ነፍሳትም ይመገባሉ።

ስፖንጁን ሲገዙ ቀዳዳዎቹን ወደ ብርሃን አንስተው ይመልከቱ። ቀዳዳው በዓይን የሚለይ ሆኖ የጫጩቱ ጭንቅላት የማይገባበት መሆን አለበት። ስፖንጁን አፍዎ ላይ አድርገው ሲነፉ ትንፋሽ ያለ ችግር ካለፈ ውሃም ያልፋል ማለት ነው። ከፍራሽ ቤት ተቆርጦ የሚሸጠው ስፖንጅ ርካሽ ቢሆንም ቀዳዳው በጣም ስለሚጠብ ቶሎ ይደፈናል፣ ቀለም የተነከረም ያጋጥማል። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅን ጨርሶ አይንኩት፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ እንዳያፈራ በኬሚካል የተነከረ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንፈልገው፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ውሃውን ከመርዝ የሚያጸዳውን ባክቴሪያ ነው። ለ40 ሊትር ገንዳ እያንዳንዳቸው ቡጢ የሚያህሉ ሁለት ስፖንጆች ከአንድ ትልቅ ስፖንጅ ይሻላሉ፤ ምክንያቱ ስለ ጽዳት ስናነሳ ግልጽ ይሆናል።

የቀረው ዕቃ ቀላል ነው፤ የአየር ፓምፕ፣ የአየር ቱቦና ቼክ ቫልቭ (ውሃ በቱቦው እንዳይመለስ የሚያግድ መክደኛ) ያስፈልጋል። ቱቦ ካጡ ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የግሉኮስ ቱቦ በሚገባ ይሠራል፤ እንዲያውም ላዩ ላይ ያለችው በጣት የምትሽከረከር መቆጣጠሪያ አየሩን ለመቀነስ ከብዙ የአኳሪየም ቫልቮች የተሻለች ናት። ቼክ ቫልቭን ግን በገንዘብ ምክንያት አይተዉት። መብራት በጠፋ ጊዜ ውሃው በቱቦው ተመልሶ ወደ ፓምፑ ሊወርድ፣ ከዚያም አልፎ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ላይ ሊፈስ ይችላል። ፓምፑን ከውሃው ወለል በላይ ባለ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥም ይኸንኑ አደጋ ያስቀራል፤ ሁለቱንም ቢያደርጉ ደግሞ የበለጠ ይተማመናሉ።

አየሩን የሚመጥኑት በጫጩቶቹ አዋኛኘት ነው። አረፋው እንደ ፈላ ውሃ የሚንተከተክ ከሆነ በዝቷል። ለቤታና ለጎራሚ ጫጩቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት አረፋው አንድ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር ያህል ይሁን፤ ለጋፒ ከዚያ ከፍ ማለት ይችላል። ጥቂት የምግብ ዱቄት ውሃው ላይ በትነው ይመልከቱ፤ ጫጩቶቹ ጭራቸውን ያለ ዕረፍት እያወዛወዙ ባሉበት ለመቆየት ብቻ የሚታገሉ ከሆነ አየሩን ይቀንሱ። ሆኖም ፈጽሞ አይዝጉት። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች፣ በዚህ ከፍታ ያለ ውሃ በባሕር ዳርቻ ካለ እኩል የሙቀት መጠን ካለው ውሃ ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ በሚጠጋ ያነሰ ነው። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ በአንድ ሊትር ውሃ ይህን ያህል ጫጩት ይያዛል ተብሎ የተጻፈውን እዚህ ሲሠሩበት ይህን ልዩነት አስበው ቁጥሩን ዝቅ ያድርጉ።

ከሁሉም አስቸጋሪው ደረጃ ስፖንጁን ማብሰል፣ ማለትም ጠቃሚ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ማቆየት ነው፤ ብዙ ሰው ጫጩቶቹን የሚያጣውም እዚህ ላይ ነው። ከሱቅ የመጣ አዲስ ስፖንጅ ደቃቅ ቆሻሻ ከመያዝ በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ዓሦች በሽንትና በመተንፈሻ አካላቸው የሚያወጡት፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ የሚፈጥረው አሞኒያ መርዝ ነው። ይህን አሞኒያ ወደ ናይትራይት የሚቀይሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ናይትራይቱን ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ በስፖንጁ ላይ ተስፋፍተው ሥራውን በሙሉ እስኪችሉ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ጫጩቶቹ በተወለዱበት ቀን ማጣሪያ የገዛ ሰው እንግዲህ ዘግይቷል።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ነገሩን የሚያከብደው የውሃው ጠባይ ነው። በአካባቢው ያለው የጉድጓድ ውሃ ብዙውን ጊዜ ወደ አልካላይን ያደላል። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ለዓሣ ብዙም አይጎዳም፣ ሌላው በቀጥታ የሚገድል ነው። የሁለቱን ድርሻ የሚወስነው በተለይ የውሃው ፒኤች (የአሲድነቱ ወይም የአልካላይንነቱ መለኪያ) ነው፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፒኤች 7 ላይ ገዳዩ ድርሻ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፣ ፒኤች 8 ላይ ግን ከመቶ አምስት እጅ ያልፋል። ያው አንድ መጠን አሞኒያ በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ወደ አሥር እጥፍ በሚጠጋ ይከፋል ማለት ነው። ጎረቤት ያለ ምንም ማጣሪያ ጫጩት አሳደገ ተብሎ እርሱን መከተል የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ የእርሱ ውሃ ከሌላ ምንጭ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ቀላሉ መንገድ አዲሱን ስፖንጅ እናትና አባት ዓሦች ባሉበት የቆየ ገንዳ ውስጥ አየር አገናኝቶ ከወር በላይ ማቆየት ነው። እርባታ የሚያስብ ሰው ጫጩት ኖረም አልኖረ አንድ ትርፍ ስፖንጅ እዚያ ሁልጊዜ ቢሠራለት መልካም ነው። ጫጩቶቹ ሲመጡ ስፖንጁን አውጥተው፣ ከዚያው ገንዳ በተቀዳ ውሃ ውስጥ እንደ ነከሩት ወዲያው ወደ ጫጩቶቹ ገንዳ ያዛውሩታል። ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ወይም ማድረቅ ባክቴሪያውን ይገድለዋል። የቆየ ገንዳ ከሌለዎት ባዶውን ገንዳ ውሃ ሞልተው፣ ማጣሪያውን አስነስተው፣ በየቀኑ ቁንጣሪ ምግብ እየጣሉ ያቆዩት፤ ምግቡ በስብሶ የሚሰጠው አሞኒያ ባክቴሪያውን ይመግበዋል። የአሞኒያና የናይትራይት መመርመሪያ ካገኙ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ይጠብቁ። ጤናማ ዓሦች ያሉት ወዳጅ ካለዎት የእርሱን የቆሸሸ ስፖንጅ በአዲሱ ላይ ጨምቆ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት፤ ያ ጥቁር ጭማቂ በጠርሙስ ከሚሸጡት የባክቴሪያ ፈሳሾች ይልቅ እምነት ይጣልበታል።

ጫጩቶቹ ሳይታሰብ ከመጡና ስፖንጁ ካልበሰለ በየቀኑ ከውሃው አምስተኛውን ያህል ይቀይሩ። በአየር ቱቦ ቀስ አድርገው ሲስቡ ጫፉ ላይ ቀጭን ጨርቅ ይሰሩበት፤ የተሳበውንም ውሃ ነጭ ባልዲ ውስጥ ካዩት በኋላ ይድፉት፣ ያመለጠ ጫጩት አይጠፋውም። የተቀቀለ የእንቁላል አስኳል የሚመግቡ ከሆነ በስቴኪኒ ጫፍ ከሚነሳው አያስበልጡ፤ ውሃ በማበላሸት የሚወዳደረው ምግብ የለም።

ከስፖንጁ ጋር ፑሚስ ወይም ቀይ አሽ (ቀዳዳ የበዛባቸው የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች) መጨመር ለሚፈልግ ሰው ሐዋሳም ሆነ አዳማ ምቹ ናቸው፤ ብሎኬት ከሚመረትበት ቦታ በትንሽ ዋጋ ይገኛል፣ በውስጡ ያሉት ቀዳዳዎችም ለባክቴሪያ ሰፊ ማደሪያ ይሆናሉ። ድንጋዩ ላይ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና የውሃውን ፒኤች ይብሱን ከፍ ስለሚያደርግ ይተዉት። ውሃው እስኪጠራ አጥበው ይቀቅሉት። ፑሚስ በመጀመሪያ ስለሚንሳፈፍ እስኪሰጥም ነክረው ያቆዩት። ከዚያ በጋለ መርፌ በተበሳሳ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሞልተው አየር ከሥሩ ያስገቡለት። ይህ ለስፖንጁ ረዳት እንጂ ምትክ አይሆንም፤ ጠርሙሱን ለማጽዳት መፍታት ስለሚያስፈልግ ሰው ይሰለቸዋል።

መብራት ሲጠፋ ስፖንጅ ከሞተር ማጣሪያ የተሻለ ይታገሣል። በተዘጋ የሞተር ማጣሪያ ውስጥ የቆመው ውሃ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ባክቴሪያው ይሞታል፣ መብራት ሲመለስ ያ የተበላሸ ውሃ በጫጩቶቹ ላይ ይለቀቃል። ስፖንጅ ግን በገንዳው ውሃ መካከል በግልጽ ስለሚቀመጥ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። በፓወር ባንክ የምትሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ለዚህ ጊዜ ያዘጋጁ፤ ቻርጅ መሆኗን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ጽዳት በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ፣ የአረፋው ኃይል ሲደክም ይደረጋል። ከገንዳው በባልዲ ውሃ ቀድተው ስፖንጁን እዚያ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨመቅ ያድርጉት፤ ነጭ እስኪሆን አይሹት። ከመጭመቅዎ በፊት እጥፋቶቹን ይፈትሹ፣ ጫጩቶች እዚያ ይሸሸጋሉ። በቧንቧ ውሃ ሥር ማጠብ በክሎሪኑ ምክንያት የወር ሥራን በደቂቃ ያጠፋል። ሁለት ስፖንጅ ይኑርዎ ያልኩት አንዱን በዚህ ሳምንት፣ ሌላውን በሚቀጥለው እያጸዱ ባክቴሪያው ሙሉ በሙሉ እንዳይነካ ነው። ገንዳው ላይ የሚጨመረውም ውሃ ክሎሪኑ የወጣለት መሆን አለበት፤ አየር እየነፉበት አንድ ቀን ያሳድሩት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለብዙ ቀናት ተቋርጦ ከተለቀቀ በኋላ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ውሃ ለገንዳ አይጠቀሙ።

ጫጩቶቹ 2 ሴንቲ ሜትር ሲሞሉ፣ ከፈለጉ፣ መምጠጫው በስፖንጅ የተሸፈነ ተንጠልጣይ ማጣሪያ መጨመር ይቻላል። የድሮውን ስፖንጅ ግን ወዲያው አያውጡት፤ አዲሱ እስኪበስል አብረው ይሥሩ። ጫጩቶቹ በበሽታ ያለቁበት ስፖንጅ ከሆነ ወደ ሌላ ገንዳ አይዛወርም፤ ዋጋው ትንሽ ነውና ይጣል፣ ቱቦውና ጠርሙሱ ግን በበረኪና ታጥበው በደንብ ከተለቀለቁና ከደረቁ በኋላ እንደገና ያገለግላሉ።