ስፓኒሽ ተናጋሪ ጉባኤ ውስጥ የአዲስ ሚሲዮናዊ የመጀመሪያ ቀናት፦ እንዴት ልጀምር?

እሁድ ጠዋት ነው። ከኋላ ጥግ ይዛችሁ ተቀምጣችኋል። ስፓኒሽ መማር ከጀመራችሁ ገና ሁለት ወራችሁ ነው። ድንገት ፓስተሩ ያዩዋችሁና «ኤርማኖ፣ ፓሴ አዴላንቴ» ይላሉ። ወንድም፣ ወደ ፊት ይምጡ ማለታቸው ነው። እኛም ጋ እንግዳ «ሰላምታ ያቅርብልን» ተብሎ ሳይነሣ አይቀርም አይደል? እዚያም ማምለጫ የለም።

ይህን የምጽፈው ጓቴማላን አስቤ ነው። የፕሬስቢቴሪያኑ ሚሲዮናዊ ጆን ክላርክ ሂል በ1882 እ.ኤ.አ. በፕሬዝዳንት ሁስቶ ሩፊኖ ባሪዮስ ግብዣ እዚያ ገብቷል። ዛሬ ወንጌላውያን በየሰፈሩ አሉ። ስለዚህ የምትሄዱት እናንተ ሳትወለዱ ሲጾሙና አዳር ሲጸልዩ የነበሩ ሰዎች ዘንድ ነው። አካሄዳችሁን በዚሁ ልክ አድርጉት።

ከእሁዱ በፊት አራት አጭር ዓረፍተ ነገር በቃል ያዙ። «ዲዮስ ሌስ ቤንዲጋ» (እግዚአብሔር ይባርካችሁ)። «ሜ ያሞ» ብላችሁ ስማችሁን። «ሶይ ዴ ኤቲዮፒያ» (ከኢትዮጵያ ነኝ)። «ኤስቶይ አፕሬንዲየንዶ» (እየተማርኩ ነው)። በቃ፣ «ግራሲያስ» (አመሰግናለሁ) ብላችሁ ተቀመጡ። ጉባኤው «አሜን» ይላችኋል። ስብከቱ ይደርሳል፣ አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ምላሳችሁን አሠልጥኑ። እዚህ ላይ አማርኛ ብዙ ያቀልላችኋል። ፈረንጆቹ የሚታገሉባት «ኝ» ለእኛ የልጅነት ፊደል ናት። «አኞ» ማለት ዓመት ነው። ዕድሜያችሁን ስትናገሩ «ኝ»ዋን «ን» ካደረጋችኋት ግን በጉባኤ ፊት የማይጠራ የሰውነት ክፍል ጠራችሁ! ማጥበቅና ማላላትም እናውቃለን። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል እንደሚሆነው ሁሉ፣ «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ነው፤ «ር»ን አንቀጥቅጣችሁ ስታጠብቁት ውሻ ይሆናል። ግሱም ባለቤቱን እንደኛው በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው። «ቦይ» ብቻ ሲባል «እሄዳለሁ» ማለት ነው፤ «እኔ» ማለት የግድ አይደለም።

እንዲያም ሆኖ ወጥመድ አለ። «ፔካዶ» ኃጢአት ነው፣ «ፔስካዶ» ዓሣ። አንዲት «ስ» ሾልካ ከገባች «ጌታ ዓሣችንን ይቅር አለን» ብላችሁ ትመሰክራላችሁ። «ካንሳዶ» ደክሞኛል ለማለት ነው፤ «ን»ዋን ከዋጣችኋት «ካሳዶ»፣ ባለትዳር ነኝ አላችሁ። ሳቁ ሲመጣ አብራችሁ ሳቁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አጠገብ መቀመጥም አይጎዳም። ትልልቆቹ ይሉኝታ ይዟቸው ያልፏችኋል፤ ልጆቹ ግን እዚያው ያርሟችኋል።

አክብሮቱ ደግሞ ከአገር ቤት የወጣችሁ እስከማይመስላችሁ ይቀርባል። «ኡስቴድ» እርስዎ ነው፣ «ቱ» አንተ። ጓቴማላዎች በጓደኝነት «ቦስ» ይባባላሉ፤ እናንተ እስኪፈቀድላችሁ በ«ኡስቴድ» ቆዩ። ታዲያ ጸሎት ላይ እግዚአብሔር «ቱ» ነው የሚባለው። እኛም ለሽማግሌ «እርስዎ» ብለን ለፈጣሪ «አንተ» እንል የለ? አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ብዙ ወንጌላውያን የሚያነቡት የ1960ውን የሬይና-ባሌራ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። መሠረቱ በ1569 የታተመ ትርጉም ነው። «እናንተ»ን «ቦሶትሮስ» ይላል። ገበያ ወርዳችሁ «ቦሶትሮስ» ካላችሁ በ1954ቱ መጽሐፍ ቅዱስ አማርኛ ሽንኩርት እንደመግዛት ነው። በአፍ «ኡስቴዴስ» በሉ።

ቤት ስትጋበዙ አትግደርደሩ። ባቄላና ትኩስ ቶርቲያ (የበቆሎ ቂጣ) ይቀርባል፤ ቶርቲያው በጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፣ እየቆረሳችሁ ብሉ። ቺሌው ለብቻው ስለሚቀርብ በርበሬ የናፈቀው ይጨምርበታል። ስትጨርሱ «ግራሲያስ» በሉ፤ ማዕዱ ላይ ያሉት «ቡዌን ፕሮቤቾ» (ይስማማችሁ) ብለው ይመልሱላችኋል። ሳትሉ መነሣት ነውር ነው።

አንድ ሰው «ፊሄሴ ኬ...» ብሎ ከጀመረ ትንፋሽ ውሰዱ። የእኛው «ምን መሰለህ...» ነው። ብዙ ጊዜ የሚከተለው የጠፋ ቁልፍ ወይም የቀረ አውቶቡስ ነው።

ሥራን በተመለከተ ብዙ ምክር የለኝም። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ወንበር ደርድሩ፣ ፓስተሩን «ምን ልርዳ?» በሉ። የራሳችሁን ፕሮግራም ቢያንስ ወር አታውጡ። ከስብከቱ አሥር ቃል በማስታወሻ ደብተር ያዙና ማታ ትርጉሙን ጠይቁ።

ሰዓት ላይ ግን ተጠንቀቁ። በልባችሁ «ሦስት ሰዓት» ብላችሁ በአፋችሁ «ላስ ትሬስ» ካላችሁ፣ የጠዋቱ ጸሎት ከጀመረ ስድስት ሰዓት በኋላ ትደርሳላችሁ። የእኛ ጠዋት ሦስት የእነሱ «ላስ ኑዌቤ» (ዘጠኝ ሰዓት) ነው። ቤት ስትደውሉም ቁጠሩ፤ አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ትቀድማለች። እዚያ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ናፍቆት ሲነሣባችሁ፣ እናታችሁ ጋ ሌሊት አሥራ አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ከሆኑ ነጠላቸውን እያጣፉ ያነሡላችኋል።